ሀ ሁ ማለትና ማንበብ

ይሄ ባለፈው ቅዳሜ ከወላጆችና ከአስተማሪዎች ጋር በነበረን ፕሮግራም ላይ የተናገርኩት ነው። ያልመጡ ሰዎች ጻፊልን ስላሉኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፣ ሰዓት አጥሮኝ የዘለልኩትንም እዚህ ጨምሬበታለሁ።

እንደምን አረፈዳችሁ። እኔ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፣ ዘንድሮ 22 ዓመቴ ነው በዚህ ስራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ነው። ሰዎች የማስተምረውን ክፍል ስነግራቸው "እሱማ ቀላል ነው" ይሉኛል። ቀላል አይደለም። ስምንተኛ ክፍል የሚያስተምር ሰው ማንበብ የሚችል ልጅ ነው የሚረከበው፣ እኔ ደግሞ መስከረም ላይ እርሳስ አያያዝ የማያውቅ ልጅ ተረክቤ ሰኔ ላይ የሚያነብ ልጅ ማስረከብ አለብኝ፣ ያን ሳላደርግ ከቀረሁ ልጁ ሁለተኛ ሦስተኛ እያለ ያልፋል፣ ምክንያቱም ታችኛው ክፍል ላይ ነፃ ዝውውር ነው የነበረው፣ ማንም አይወድቅም፣ እና አራተኛ ክፍል ሲደርስ ነው ቤተሰብ ደንግጦ "ልጄ ማንበብ አይችልም እንዴ?" ብሎ የሚመጣው።

ዛሬ ልነግራችሁ የፈለኩት አንድ ነገር ነው፣ ክፍል ውስጥ ልጆች በጋራ ሲጮሁ የምንሰማው ድምፅ እንዳያታልለን ነው።

ልጀምር ከራሴ። ስራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ከ60 በላይ ልጆች ነበሩኝ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ደረጃው ለአንድ ክፍል 50 ነው የሚለው ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ እንዴት እንደሆነ። የፊደል ገበታው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ እኔ በማስመሪያ እጠቁማለሁ፣ ልጆቹ "ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ" እያሉ እስከ ፐ ድረስ ያወርዱታል፣ ኮሪደር ላይ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆሞ ያዳምጣል፣ እኔም ደስ ይለኛል፣ ልጆቼ አወቁ እላለሁ። አንድ በጣም ጎበዝ ልጅ ነበረኝ፣ የክፍሉ አለቃ፣ ማስመሪያውን ተቀብሎ ራሱ የሚያስብል። አንድ ቀን እንደው ገበታው ላይ ቆሜ "ሴ"ን ብቻ ጠቆምኩና "ይቺ ማናት?" አልኩት። ዝም አለ። ከንፈሩን ሳየው ይንቀሳቀሳል፣ ጠጋ ብዬ ስሰማው በሹክሹክታ "ሰ፣ ሱ፣ ሲ፣ ሳ..." እያለ ከመጀመሪያው እየቆጠረ ነው፣ ከዛ "ሴ!" አለ። ልክ ነው፣ መልሱን አገኘው። እኔ ግን አንድ ነገር ከበደኝ። በማግስቱ ከካርቶን ላይ አንዲት ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ቀደድኩና ካርቶኑን ገበታው ላይ ለጥፌ ያችኑ "ሴ" አሳየሁት፣ ጎረቤቶቿ በሙሉ ተሸፍነዋል። አላወቃትም። ሌሎቹንም አንድ በአንድ አስነሳሁ፣ ከነዚያ ሁሉ ልጆች ፊደሏን በመልኳ የለዩት በጣም ጥቂት ነበሩ። ዜማውን ነው እንጂ ፊደሉን አያውቁትም። እኔ ለወራት ያስተማርኳቸው መዝሙር ነበር።

ያን ቀን ቤቴ ሄጄ አለቀስኩ። አባቴ ቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው፣ ነገሩን ስነግረው "የኔታ ይሄን ያውቁት ነበር እኮ" አለኝ። እንዴት ስለው፣ ሀ ሁ በቃል ካለቀ በኋላ እኮ አ ቡ ጊ ዳ አለ፣ አለኝ። አስቡት እስኪ፣ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። አ በግዕዝ፣ ቡ በካዕብ፣ ጊ በሳልስ፣ ዳ በራብዕ፣ ሄ በሐምስ፣ ው በሳድስ፣ ዞ በሳብዕ። ፊደሉም ይቀየራል ድምፁም ይቀየራል፣ ስለዚህ ልጁ የለመደው ዜማ አያድነውም፣ እያንዳንዷን ፊደል ማየት ግዴታው ነው። በዛ ላይ ስንደዶ ይዞ እየጠቆመ ነው የሚቆጥረው፣ ጣቱና አፉ አንድ ላይ ካልሄዱ የኔታ ወዲያው ያውቁበታል። ትልቁ ተማሪ ደግሞ ትንሹን ይዞ ያስቆጥራል፣ ማለትም እያንዳንዱ ልጅ ብቻውን የሚሰማው ሰው አለው። እኛ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ስናመጣ ገበታውን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው፣ አ ቡ ጊ ዳውን ተውነው፣ ስንደዶውን ከልጁ እጅ ወስደን ማስመሪያ አድርገን አስተማሪው እጅ ላይ አስቀመጥነው። እኔ የቄስ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ነገር ይመለስ አልልም፣ አለንጋው እንዳይመለስ፣ ግን ይቺን ነገር እነሱ ይበልጡናል።

ሂሳቡን ስሩት፣ አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። 60 ልጅ ካለኝ ለአንድ ልጅ 40 ሰከንድ ይደርሰዋል፣ እሱም ስም ሳልጠራ፣ ደብተር ሳላይ፣ "ቲቸር እርሳሴን ወሰደው" የሚል ሳልዳኝ። እና ፊት ቆሜ የማስተምረው እኔ ብቻ ከሆንኩ እያንዳንዱ ልጅ በቀን አንዴም አፉን ከፍቶ ብቻውን አያነብም። እጁን እያወጣ "ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!" የሚለው ልጅ ሁሌም ይደርሰዋል፣ ኋላ የተቀመጠው ግን ዓመቱን ሙሉ ከሌሎቹ ድምፅ ስር ተደብቆ ይጨርሳል። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች ልጆችን አንድ በአንድ እያስነበቡ የተደረገ ጥናት ነበር፣ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው አንድ ቃል እንኳን ማንበብ አልቻሉም ነበር። ብዙ ሰው ቁጥሩን ሲሰማ ደነገጠ። እኔ ያንን የካርቶን ቀዳዳ ስላየሁ አልደነገጥኩም።

እሺ ታዲያ ምን አደረግሽ ትሉኛላችሁ።

ቆርኪ ሰበሰብኩ። ሰፈር ካሉ ግሮሰሪዎች የቢራና የለስላሳ ቆርኪ በፌስታል አምጥቼ አጠብኩት፣ ውስጡ ነጭ ወረቀት ለጠፍኩበትና አንድ አንድ ፊደል ጻፍኩበት። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፣ ሁሉንም አንዴ አላወጣሁም፣ በሳምንት ጥቂት ጥቂት። ልጆቹን አምስት አምስት አድርጌ መሬት ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ለየቡድኑ አንድ እፍኝ ቆርኪ። "ላ"ን ፈልጉ፣ "ም"ን ፈልጉ፣ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው። ላም! የመጀመሪያ ቀን "ላም" ብሎ ያነበበ ልጅ ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር እስካሁን አልረሳውም፣ ቆርኪዎቹን አንስቶ ኪሱ ውስጥ ከተታቸው፣ ለእናቱ ሊያሳይ።

ቆርኪ ሲይዙ ደግሞ ሳላስተምራቸው የሚያዩት ነገር አለ። አንዷ ልጅ ሰ እና ሸን ይዛ መጣችና "ቲቸር ይቺ እኮ ሰ ናት፣ ቆብ አድርጋ ነው" አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ቆብ ያደረጉ ስንፈልግ ሰነበትን፣ ተ ቆብ ስታደርግ ቸ፣ ነ ቆብ ስታደርግ ኘ፣ ዘ ዠ፣ ደ ጀ። እጃችሁን አፋችሁ ፊት አድርጉና ሰ በሉ፣ ሸ በሉ አልኳቸው፣ ምላስ ወዴት እንደሄደ ንገሩኝ። "ወደ ኋላ ሄደች!" አሉ። የስድስት ዓመት ልጆች እኮ ናቸው፣ ፊደሉን የቀረጹት ሰዎች ያሰቡትን ነገር ራሳቸው ደረሱበት። እንዲሁ ሳልስ እግሯ ስር ወደ ቀኝ መስመር እንዳላት፣ ሐምስ እግሯ ስር ቀለበት እንዳላት አብዛኛው ፊደል ላይ ፈልገው አገኙት። ሳድስ ግን ህግ የላትም፣ ል፣ ብ፣ ት፣ ን፣ ር ሁሉም በየራሳቸው መንገድ ነው የሚታጠፉት፣ ችግሩ ደግሞ አማርኛ ውስጥ በጣም የምትበዛዋ ሳድስ መሆኗ ነው። ስለዚህ ለሳድስ ሁለት እጥፍ ጊዜ ስጡ፣ ይሄን አስተማሪዎች አደራ የምላችሁ ነው፣ እኔ ዓመታት ፈጅቶብኛል ይሄን ለማወቅ። ልጃችሁ ሲያነብ የሚደናቀፍበትን ቦታ ብታስተውሉ ብዙ ጊዜ እዛ ላይ ነው።

ሌላው መጥበቅና መላላት ነው። ፊደላችን አያሳየውም። አንድ ጊዜ ሰሌዳው ላይ "ገና" ብዬ ጻፍኩ፣ ግማሹ ክፍል የገና ጨዋታ የሚጫወቱበትን በዓል አነበበ፣ ግማሹ ደግሞ "ገና ነው" የሚለውን። ተጨቃጨቁ። እኔ ዝም አልኩ፣ ከልቤ ዝም አልኩ፣ ድሮ ቢሆን ወዲያው መልሱን እነግራቸው ነበር። ሲጨቃጨቁ ቆይተው አንዱ "ሁለቱም ልክ ነው፣ ከጎኑ ያለውን ቃል ማየት አለብን" አለ። ይሄን ነገር እኔ ብናገረው በማግስቱ ይረሱት ነበር፣ እሱ ስላለው ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል ሲቸግራቸው "ከጎኑ እንይ" ይላሉ።

ሂሳብ ላይ ብዙ አልቆይም ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልጆች "አስራ ሦስት" ጻፉ ስትሏቸው 103 የሚጽፉ አሉ። ቤት ውስጥ ብዙ ወላጅ በዚህ ሲናደድ አይቻለሁ። ልጁ ግን የሰማውን ነው የጻፈው፣ አስር ብሎ 10፣ ሦስት ብሎ 3። ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ የቦታ ዋጋ የሚባለውን በእጁ አልነካውም። እኛ ክፍል ስንጥር እንጨት እንሰበስባለን፣ አስር ሲሞላ በክር ይታሰራል፣ የታሰረው በግራ ያልታሰረው በቀኝ ይቀመጣል። አንድ እስርና ሦስት ነጠላ ሲያዩ፣ ግራ 1 ቀኝ 3፣ በቃ 13 ነው። ከዛ በኋላ 103 የሚጽፍ ልጅ በጣም ይቀንሳል። መደመር ደግሞ በቅልብልቦሽ ነው የምንጀምረው፣ አምስት ጠጠር፣ አንዱን ወደ ላይ ወርውረህ ከመሬት ሁለት ታነሳለህ፣ መሬት ስንት ቀረ? ሴቶቹ ልጆች በተለይ ይሄን ጨዋታ ከሰፈር ይዘውት ስለሚመጡ ፈጣኖች ናቸው፣ አራት ማለት ሦስትና አንድ፣ ሁለትና ሁለት መሆኑን እጃቸው ያውቀዋል፣ እኛ ግን ጠጠሩን "ጣይ፣ ቁጭ በይ፣ ሂሳብ ልንማር ነው" እያልን ነው የምናስጥላቸው።

አሁን የማወራችሁ ልጅ ከሁሉም በላይ ልቤ ውስጥ ያለ ልጅ ነው። ስሙን አልነግራችሁም። መስከረም ላይ ገባ፣ እስከ ህዳር አንድ ቃል አልተናገረም ክፍል ውስጥ፣ ስጠራው ይነሳል፣ መሬት መሬት ያያል፣ ይቀመጣል። ቤታቸው የሚነገረው ቋንቋ ሌላ ነው፣ አማርኛውን የሚሰማው ሰፈር ወጥቶ ሲጫወት ነው፣ ይሄ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ በጣም ብዙ ልጆች ላይ ያለ ነገር ነው። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ጀምሮ ልጅ በመጀመሪያ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር ተብሏል፣ በኔ ክፍል ግን አፍ መፍቻው ስንት ዓይነት እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። እና ጓደኞቹ "እሱ አያወራም" ብለው ትተውታል፣ እኔም እውነቱን ለመናገር በልቤ ደካማ ከምላቸው ጋር መድቤው ነበር።

የአካባቢ ሳይንስ ላይ ባቄላ እናበቅላለን። የሃይላንድ ላስቲክ ግማሹን ይቆረጣል፣ ጥጥ ይገባበታል፣ ውሃ፣ ከዛ ባቄላው ከላስቲኩ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ እንዲታይ ይደረጋል። በየቀኑ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ አምስት ደቂቃ ማየት፣ ያዩትን መሳል። በሦስተኛው ቀን ያበጠ ባቄላ፣ ከዛ ነጭ ነገር ብቅ ሲል "ትል ነው!" ብለው የሸሹ ነበሩ። ያ ልጅ ሄዶ ላስቲኩን አነሳና፣ በህዳር ወር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ "ትል አይደለም፣ ስር ነው" አለ። ክፍሉ ጭጭ አለ። እንዴት አወክ አልኩት። እናቱ ጠላ ትጠምቃለች፣ ገብሱን ትነክራለች፣ ከዛ በኮባ ቅጠል ትጠቀልለዋለች፣ ሲገለጥ እንደዚህ ነው የሚሆነው፣ ብቅል ይባላል አለ። ስንት ቀን ይነከራል፣ ለምን ይጠቀለላል፣ ብርሃን ካገኘ ምን ይሆናል፣ ልጆቹ ጠየቁት፣ እሱ መለሰ፣ ቃል ሲጠፋው በእጁ እያሳየ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰማሁት። ከዛ በኋላ ባቄላውን ገልብጠን ብናስቀምጠው ስሩ ወዴት ይሄዳል ብሎ የጠየቀውም እሱ ነው፣ ገለበጥነው፣ ስሩ ዞሮ ወደ ታች ሄደ፣ ሁሉም ደብተራቸው ላይ ሳሉት። ያን ሳምንት ሰሌዳው ላይ "ብቅል" ብዬ ጻፍኩ፣ ሦስት ፊደል፣ ሦስቱም ሳድስ ናቸው፣ ከባድ ቃል ነው፣ እሱ ግን አነበበው።

እናቱን ለወላጆች ቀን ስትመጣ ነገርኳት፣ "እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ ቲቸር፣ እኔ ምን አውቄ አስተምሬዋለሁ" አለችኝ። እማማ፣ ዘር እንዴት እንደሚበቅል ከኔ በፊት ያስተማርሽው አንቺ ነሽ አልኳት።

ወላጆች፣ ስለዚህ ነው የቤት ስራ ብዬ አንዳንዴ እንግዳ ነገር የምልክባችሁ። "እንቆቅልሽ ጠይቃችሁ ኑ" ስላቸው አንዳንዶቻችሁ ስልክ ደውላችሁ "ይሄ ትምህርት ነው ወይ?" ብላችሁኛል። ትምህርት ነው። ልጁ ከአያቱ "ስሄድ አገኘኋት ስመለስ አጣኋት" የሚለውን ይዞ ይመጣል፣ ክፍሉን "እንቆቅልሽ" ይላል፣ "ምን አውቅልህ" ይሉታል፣ ሳያውቁት ሲቀሩ ሀገር ይሰጡታል፣ እሱም ጤዛ ነው ይላቸዋል። እኔ የሱን ቃል ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። ልጅ ራሱ የተናገረውን ነገር ተጽፎ ሲያይ ለማንበብ አይቸገርም፣ ምክንያቱም ምን እንደሚል አስቀድሞ ያውቀዋል፣ አሁን የቀረው ድምፁን ከፊደሉ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው። መጽሐፍ በቂ ባልነበረበት ዓመት ክፍሌ ያነበበው በሙሉ እንዲህ ከየቤታችሁ የመጣ ነገር ነበር።

ብዙዎቻችሁ ደግሞ የምትጠይቁኝ ስለ እንግሊዝኛ ነው። ኬጂ ውስጥ ኤቢሲዲ ሸምድዶ የመጣን ልጅ "እንግሊዝኛውስ?" ትሉኛላችሁ። እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት አለ፣ እኔም አስተምራለሁ፣ እወደዋለሁ። ግን ባንድ ቋንቋ ማንበብ ምን እንደሆነ የገባው ልጅ ሁለተኛውን በፍጥነት ነው የሚይዘው፣ ያልገባው ልጅ ደግሞ ኤቢሲዲንም ልክ እንደ ሀ ሁ ይዘምረዋል፣ ሁለት መዝሙር ይኖረዋል ማለት ነው። ቤታችሁ ሄዳችሁ ካርቶን ቅደዱና ሞክሩት።

አንድ እናት ከፕሮግራሙ በኋላ መጥታ፣ እኔ ማንበብ አልችልም እንዴት ልርዳው አለችኝ። የመለስኩላትን እዚህ ልጻፈው ምክንያቱም ሌሎችም እንደሷ አሉ። ሱቅ ስትልኪው ጨው የሚለውን፣ ስኳር የሚለውን ላስቲክ አምጥቶ በጣቱ እየነካ ያንብብልሽ። ልክ መሆኑን ባታውቂም እቃውን ታውቂዋለሽ፣ ጨዉን ይዞ "ስኳር" ካለሽ ታውቂያለሽ። ጣቱና አፉ አብረው መሄዳቸውን ብቻ እዪ። ታክሲ ስትጠብቁ ደግሞ መድኃኒት ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ሻይ ቤት የሚሉትን ታፔላዎች ይፈልግልሽ፣ "ቤት" የሚለውን ስንት ቦታ አገኘህ በይው። አልቅሳ አቀፈችኝ።

አስተማሪዎች፣ ከናንተ ጋር ደግሞ ሌላ ጊዜ በሰፊው እንነጋገራለን፣ ልጆቹን አምስት አምስት አድርገን ስናስቀምጥ ጎበዙ ልጅ መልስ እየነገራቸው ከሆነ ቡድን አይባልም፣ ጥያቄ እንዲጠይቃቸው አድርጉት። ጠዋት ቁርስ ሳይበላ የመጣን ልጅ ደግሞ ምንም ዓይነት ቆርኪ አያነቃውም፣ የትምህርት ቤት ምገባው ከመጣ በኋላ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የሚተኙብኝ ልጆች መቀነሳቸውን በዓይኔ አይቻለሁ፣ እና ምገባው የኛ ስራ አይደለም ብላችሁ እንዳትተዉት፣ ሰልፉ ላይ ቁሙ፣ ማን እንዳልበላ እዩ።

ቆርኪዎቼ አልቀዋል፣ ግማሹን ልጆቹ ኪሳቸው ውስጥ ከተው ወስደውታል፣ እኔም አልጠየኳቸውም። ቤታችሁ ወይ ሰፈራችሁ ካለ በፌስታል አድርጋችሁ አምጡልኝ፣ ያልተጣመመ ይሁን፣ ዝገት ያለበት እጃቸውን ይቆርጣቸዋል። ሰኞ ጠዋት ከሰልፍ በፊት በሩ ጋ ነኝ።